የሞተር ሙቀት ሴንሰር፦ በቀጥታ መቀየር ወይስ አስቀድሞ መለካት?

የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ ሲጠረጠር፣ አንዱ አማራጭ ወዲያውኑ አዲስ ገዝቶ መቀየር፣ ሌላው ደግሞ አስቀድሞ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) መፈተሽ ነው። ዕቃው ርካሽና በቀላሉ የሚፈታ ከሆነ በቀጥታ መቀየሩ አያስነቅፍም። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የዛገ ሶኬት ወይም የተቆረጠ ሽቦ ከሆነ፣ አዲሱም ሴንሰር ቢገጠም የተሳሳተው ንባብ ይቀጥላል፤ ሞተሩን የሚቆጣጠረው የመኪናው ኮምፒውተርም ሞተሩ ቀዝቃዛ የሆነ መስሎት ነዳጅ ማብዛቱን አያቆምም።

እኔ መለካቱን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ሙቀት ሲጨምር የሚቀንስ በመሆኑ፣ በብዙ መኪኖች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም (የመቋቋም መለኪያ አሃድ)፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም አካባቢ ይነበባል። ሶኬቱ ተነቅሎ የሴንሰሩ ሁለት ጫፎች ሲለኩ፣ ሞተሩ እየሞቀ ሳለ ቁጥሩ ካልወረደ ሴንሰሩ በእርግጥ ሞቷል። ቁጥሩ በአግባቡ ከወረደና ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ግን የሚጸዳው ሶኬቱ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ሴንሰሩን መፍታት ፈጽሞ አይገባም፤ በግፊት የሚፈናጠረው ትኩስ ውሃ ክፉኛ ያቃጥላል።