ከድሬዳዋ ባቢሌ ደርሶ መልስ በብስክሌት፦ አጃቢዎቼን ላመስግን

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገንና ሥራቸውን ለሚፈልግ ሁሉ ለመጠቆም ነው። አንደኛው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ፣ የራሳቸው ፒካፕ ያላቸው፣ ብስክሌት ነጂዎች ሁሉ «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው ናት። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልፈለጉም፤ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ያደረጉልኝን ሳልናገር መቅረት ግን አይሆንልኝም።

ከጓደኞቼ ጋር ያደረግነው ውድድር ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረርን አልፎ ባቢሌ ይደርሳል፤ ከዚያም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከርቀቱ በላይ ምን እንደሚከብድ ያውቃል። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋን ለቀቅ እንዳሉ፣ ገና እግር ሳይፍታታ፣ ጠመዝማዛው ዳገት ይጀምራል።

ጋሼ ሙያቸውን የተማሩት በድሮው ምድር ባቡር ጥገና ቤት ነው። የዚያ ቤት ሥርዓት ዛሬም ከእጃቸው አልጠፋም። ብስክሌቴን ቀደም ብለው ተረከቡኝና ቸርኬውን ገልብጠው አሽከረከሩት፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ የላላውን በድምፁ ለዩት። የኋላውን ጥርስ በትልቅ ቀየሩልኝ። «ደንገጎ በጉልበት አይወጣም፤ እግርህ ቀለል ብሎት ይዙር» አሉኝ። አብዝተው የተጨነቁት ግን ለፍሬኑ ነበር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ ደግሞ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድን ዳገቱ ሥር ደጋግመው አለማመዱኝ።

የምግቡና የመጠጡ ኃላፊ ልጃቸው ነበረች። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጥቂት መታጠፊያዎች ቀድማ ትቆማለች፤ ጭሷን እንዳልምግ ማለት ነው። ልጅቷ መንገድ ዳር ወርዳ ትጠብቀኛለች፤ ስደርስም እንዳልቆም አብራኝ እየሮጠች ጠርሙሱን ታቀብለኛለች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሎሚ፣ በስኳርና በቁንጥር ጨው የተበጠበጠ ውሃ ነው። ሙዝ፣ ቴምርና በጨው የተቀቀለ ድንችም አዘጋጅታ ነበር። ለረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመከራል፤ ላብ ጨውም ይዞ ስለሚወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ራሱን የቻለ አደጋ አለው። እሷ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የበላሁትንና የጠጣሁትን ከነሰዓቱ በደብተር ስትመዘግብ ዋለች።

አወዳይ ላይ የጋሼን ሹፍርና አየሁ። ያ ገበያ እንዴት እንደሚጨናነቅ፣ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች እንዴት እንደሚበሩ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ጋሼ መብራታቸውን እያብለጨለጩ ከኋላዬ ገቡ፤ የከተማው መውጫ እስኪደርስ ማንም ተጠግቶኝ አላለፈም። ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋባቸውም አልተበሳጩም፣ ፍጥነትም አልጨመሩም።

ከባቢሌ ስንመለስ በቀትር ፀሐይ፣ ከቢሲዲሞ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት ላይ አቅም አነሰኝ። ሆዴ ምግብ አልቀበል አለ፤ ዐይኔ ይጭበረበር ጀመር። ቆሜ «መኪናው ላይ ልውጣ» አልኩ። ጋሼ አልተቆጡም፣ «በርታ» እያሉም አላስጨነቁኝም። «መኪናዋ የትም አትሄድም፤ መጀመሪያ ጥላ ሥር ተቀመጥ፤ ከዚያ ትወስናለህ» አሉኝ። ልጅቷ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ አንገቴ ላይ ጣለችና ምግቡን ትታ ያንን የሎሚ ውሃ በትንሽ በትንሹ ታጎነጨኝ ጀመር። ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ሆዴም ተከፈተ። ስነሳ ማንም አልገፋፋኝም፤ ብስክሌቴ ተወልውሎ፣ ሰንሰለቱ ዘይት ተቀብቶ ቆሞ አገኘሁት።

በዓለም ላይ እጅግ ከባድ ከሚባሉት የብስክሌት ውድድሮች አንዱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ የሚካሄደው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ሬስ አክሮስ አሜሪካ ነው። 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚያ አንዳንዱ ተወዳዳሪ የአንገቱ ጡንቻ ዝሎ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ የሚደግፍለትን ነገር የሚሠሩለት አጃቢዎቹ ናቸው። በሌሊት አጃቢ መኪና በቅርብ ሳይከተለው መንዳትም አይፈቀድለትም። የእኛ ጉዞ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። አጃቢነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ግን ከእነዚህ አባትና ልጅ ተረድቻለሁ። እኛ አገር ጭብጨባው ሁልጊዜ ለነጂው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ መሽቶ ነበር። ጋሼ የመኪናቸውን መብራት ከኋላዬ እያበሩ፣ መታጠፊያ ሲመጣ ርቀታቸውን እያሰፉ እስከ ከተማው አደረሱኝ። ፍሬኑ አንድም ጊዜ አልከዳኝም።

ስለ ክፍያው ለምትጠይቁ፦ ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ነዳጁንም ምግቡንም በደረሰኝ አስረክበውኛል፤ የተረፈውን ገንዘብ ሳልጠይቅ መልሰውልኛል። አንድ ነገር እወቁ፤ ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፤ «ቶሎ በል» የሚላቸውን ሰው አይወዱም። ራሳቸው ያልፈተሹትን ብስክሌት ይዘውም መንገድ አይወጡም። ለውድድር ብቻ ሳይሆን ልጆቻችሁ የሚነዱትን ብስክሌት ለማስጠገንም ከእሳቸው የተሻለ እጅ አላውቅም።

የሚፈልጋቸው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ዳገት ለመውጣት ያሰበ ሰው ብስክሌቱን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያድርስላቸው።