ተቀባዩን ማገድ ወይስ ሆርሞኑን ማድረቅ?

ብዙ የሳንባ ካንሰር ሴሎች የኢስትሮጅን ተቀባይ አላቸው፤ ማለትም ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ተጣብቆበት ሴሉን እንዲያድግ የሚያነሳሳበት በር፤ በተለይም ቤታ የተባለውን ዓይነት። ይህን የእድገት መንገድ ለመዝጋት ሁለት መድኃኒቶች በጥናት ተሞክረዋል። ፉልቬስትራንት በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ሲሆን ተቀባዩ ላይ ተጣብቆ ያግደዋል፤ ሆርሞኑ ከየትም ይምጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አናስትሮዞል ግን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። አሮማቴዝ የተባለውን ኢንዛይም አፍኖ ኢስትሮጅን እንዳይመረት ያደርጋል። አንዳንድ የሳንባ ዕጢዎች ይህ ኢንዛይም ስላላቸው (ድፍረታቸው! ሆርሞኑን እዚያው ያመርቱታል) ሐሳቡ ማራኪ ነው። ሆኖም የወር አበባዋ ባልተቋረጠ ሴት ኦቫሪዎቿ (እንቁላል የሚያመነጩት አካላት) ሆርሞኑን በብዛት ስለሚያመነጩ ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። በአሠራር ብቻ ከመዘንናቸው፣ መርፌው ቢያምም፣ እኔ ወደ ፉልቬስትራንት አደላለሁ። ሁለቱም ግን መደበኛ ሕክምና የሆኑት ለጡት ካንሰር እንጂ ለሳንባ ካንሰር አይደለም።