ፈረስ ላላችሁ ሁሉ፦ ይህችን ሐኪም ያዟት!

እግዚአብሔር ይስጥልን ከማለት በቀር ቃል የለኝም። የአባቴ ዳማ ፈረስ ዛሬ በራሱ እግር ወንዝ ወርዶ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ!

ለእንጅባራና ለአካባቢው ሰው ፈረስ ምን እንደሆነ አልነግርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ በዓሉ ጥር 23 ሲደርስ በእኛ ቤት ከሰው በፊት የሚያጌጠው ፈረሱ ነው። አባቴ ደግሞ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ፉርሽካውን ሳይሰስት ያቀርባል። ዳማው ጋሪ አይጎትት፣ ጭነት አይጭን። ደልቦ ደልቦ ወገቡ መሐሉ ላይ ቦይ ሠርቶ ነበር። ያየው ሁሉ «ፈረስ ማሳደር እንዲህ ነው እንጂ!» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት አልራመድም አለ። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆመ። ሊያዞሩት ሲሉ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ያየነው መከራ! ስምም ቦታም አልጠራም፣ ይቅርባቸው። አንዱ እግሩን ሳይነካ መርፌ ወግቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ውልቅ አለ። ሌላው «ደም ቋጥሯል» ብሎ ሰኮናውን እስኪደማ ጠረበው፤ ጭራሽ አስተኛው። በስልክ ያገኘነው ደግሞ «ምን ያለፋችኋል፣ ለጅብ አውጡት» አለን። አባቴ ያን ማታ እራት አልቀመሰም። የተማረ ሰው እንዲህ ይናገራል? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ አንድ ዘመድ ይህችን ወጣት ሐኪም ጠቆመን። ስትመጣ መርፌ አላወጣችም። ቁጢጥ ብላ ከሰኮናው ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በኩል ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ የአባቴን እጅ ይዛ እዚያው ላይ አኖረችው። «አባባ፣ ሲመታ ይሰማዎታል? ጤነኛ ቢሆን እንዲህ አይደልቅም።» ሰኮናው ራሱ ይፋጃል። ከጋማው ሥር የተቆለለውን ስብ አስጨበጠችው፣ ጠጥሯል። ከጭራው ሥርም እንደዚያው።

ሰው ስኳር እንደሚይዘው ፈረስም በውፍረት የተነሳ ደሙ ይዛባል አለች። ኢንሱሊን የሚሉት ነገር ሲበዛ ሰኮናውን ከውስጥ የያዘው ሥጋ ይቆጣል። ከዚያ ወዲያ ያለችውን ልድገም ብል አልችልበትም። አባቴ ግን ገብቶታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ነኛ የጎዳሁት?» አላት።

«አባባ፣ ይህን ፈረስ ያሳደገው የሚወደው ሰው ነው። የሚያድነውም ያው ሰው ነው።»

እንዲህ ያለ ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ሲል እንኳ አልሳቀችበትም፤ «ጸበሉንም ይርጩት፣ ገብሱን ግን ያንሱለት» አለች።

ገብሱም ፉርሽካውም ቀረ። ድርቆሹ እየተመዘነ፣ ስኳሩ እንዲለቅ ውሃ ውስጥ እየተዘፈዘፈ ይሰጠዋል። እናቴ «ሣር ማጠብም መጣ?» እያለች ስታጉረመርም ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው አታስነካም። ሐኪሟ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው፣ ከሥሩ ጭድ በወፍራሙ አስጎዘጎዘችለት። ደጋግማ ያስጠነቀቀችው ደግሞ ይከሳል ብለን ድንገት እንዳናስርበው ነው፤ ያም ሌላ በሽታ ያመጣል።

ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ የተጎዳው ወርዶ እስኪያልቅ ዓመት ሊጠጋ ይችላል ብላለች። ስለዚህ ዘንድሮ ግልቢያ የለም። አባቴ ትንሽ ከፍቶታል፣ ግን ቃሏን አያጥፍም።

በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያዟት! ፈረሳችሁ አንገቱ ከወፈረ፣ ጠንካራ መሬት ላይ እየሰጋ ከረገጠ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጥሯት። በቅሎም ታያለች። ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለነገረችኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እልክላችኋለሁ። ዋጋዋን ለምትጠይቁኝ፦ ከእኛ የተቀበለችው የመድኃኒቱንና የትራንስፖርቱን ብቻ ነው። አባቴ ማር አስይዞ ነው የሸኛት፣ እሱንም በግድ።