ብሬስ ከወለቀ በኋላ የሚቀረው ነጭ ነጠብጣብ፦ የትኛው ሕክምና ይሻላል?

ብሬሱ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) ወለቀ፤ ጥርሱም ተስተካከለ። መስታወት ፊት ፈገግ ሲሉ ግን ብራኬቱ (ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ተለጥፎ የነበረበትን ቦታ ዙሪያውን የከበበ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይታያል። ያን ሁሉ ጊዜ ታግሶ ይሄን ማየት ያበሳጫል። ቢሆንም ዛሬውኑ ለማስጠፋት ገንዘብ ይዛችሁ አትሩጡ።

ነጩ ነገር ቆሻሻም የማጣበቂያ ትራፊም አይደለም። በብራኬቱ ዙሪያ የሚከማቸው ባክቴሪያ ከስኳር አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ከኢናሜሉ (ከጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን) ካልሲየምና ፎስፌት ያወጣል፤ ውስጡም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል። እዚያ ላይ ብርሃን ሲበተን ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ሕክምና ይህን ጠይቁ፦ ቀዳዳውን ይሞላዋል፣ ይፍቀዋል ወይስ ይሸፍነዋል?

በጣም ርካሹ መጠበቅ ነው፤ እኔም የምጀምረው ከእሱ ነው። ምራቃችን ራሱ ካልሲየምና ፎስፌት አለው። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ በደንብ እየቦረሹ እስከ 6 ወር ቢቆዩ ብዙ ነጠብጣብ ይደበዝዛል። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ግን አልልም።

«ታዲያ ፍሎራይዱ ቢበዛ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባው ቫርኒሽ 22,600 ፒፒኤም ያህል አለው። ችግሩ፣ ላዩን ቶሎ ያጠነክረውና ከስር ያለው ሳይሞላ ነጩ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ጥርሱ ወደ መቦርቦር እየሄደ ከሆነ ቫርኒሹ ያስፈልጋል፣ መልክ ይቆየን። ለመልክ ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው ክሬምም አለ፤ ከተራው የጥርስ ሳሙና ይበልጣል የሚለው ግን ለእኔ አሳማኝ አይደለም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይንካው።

ጠብቃችሁም ካልለቀቀ የእኔ ምርጫ ሬዚን (በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ማስገባት ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁት አይኮን በሚባለው ምርት ነው። መሰርሰሪያ የለም፣ ማደንዘዣ መርፌም የለም። በ15% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ2 ደቂቃ ያህል ላዩ ይከፈታል፣ በአልኮል ይደርቃል፣ ቀጭኑ ሬዚን ይሰርግና በብርሃን ይጠነክራል። ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ ሲል ብርሃን እንደሚያሳልፈው ነው፤ ቀዳዳው ሲሞላ ነጩ ከዙሪያው ጋር ይመሳሰላል። አልኮሉ ሲነካው ነጩ ለጊዜው ደብዘዝ ካለ ውጤቱም ወደዚያ ይጠጋል። ካልደበዘዘ አሲዱ ይደገማል። እና ሬዚኑ ከመግባቱ በፊት መስታወት አምጡልኝ በሉ። ጥልቅ ነጠብጣብ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ እንደሚችልም እወቁ፤ አንዴ የገባ ሬዚን ደግሞ ተመልሶ አይወጣም።

በአሲድና በደቃቅ ዱቄት መፋቅ ደግሞ ላይ ላዩን ላለ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ቡናማ ቀለም ከያዘ በተለይ። ግን የሚፋቀው የራሳችሁ ኢናሜል ነው፣ አይተካም።

ጥርስ ማንጣት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ነጠብጣቡን አያጠፋም፤ የቀረውን ጥርስ ወደ እሱ ያቀርበዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ነጩ ይብስ ጎልቶ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ማንጣቱ ይቅደም፣ ከዚያ 2 ሳምንት ያህል ቆይታችሁ ሬዚኑ። ከማንጫው ጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ሬዚኑ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋልና።

ቪኒር (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ይሸፍናል፣ እውነት ነው። ለነጠብጣብ ብቻ ብሎ የወጣት ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ግን ያሳዝነኛል።

የቱ ጋ እንዳላችሁ ለመገመት ጥርሳችሁን በሶፍት አድርቁና ተመልከቱ። ሲደርቅ ብቻ ከታየ ጥልቅ ስላልሆነ ጠብቁ። በምራቅ ርሶም ከታየ ጠለቅ ብሏል፤ ከ6 ወር በኋላም ካለ ስለ ሬዚኑ ሐኪም አነጋግሩ። ሻካራና ከድድ አጠገብ ከሆነ ገና እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ከመልኩ በፊት አቦራረሳችሁን አስተካክሉ። የጎደጎደ ካለ ግን መሞላት ያለበት ጥርስ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ ለሐኪም አሳዩት።