ሩመን ዳስካሎቭ ለወሎ ታሪክ ተማሪ፦ የትኛው መጽሐፍ ይቅደም?

ደሴም ሆነ ወልድያ ተቀምጦ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሃይማኖት ክርክር ላይ ስለጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ከውጭ አገር የታሪክ ሥራዎች የቡልጋሪያዊውን የሩመን ዳስካሎቭን መጽሐፍ እንመርጥለታለን። ነገሩ ሩቅ ይመስላል፤ ግን ዘመኑ አንድ ነው። ለቡልጋሪያ መንግሥት በር የከፈተው፣ ሩሲያና የኦቶማን ቱርክ የተዋዋሉት የሳን ስቴፋኖ ውል የካቲት 1870 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ያንን የከለሰው የበርሊን ውል ደግሞ ሐምሌ ላይ። ቦሩ ሜዳ በመካከላቸው፣ ግንቦት ላይ ይውላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳስካሎቭ በመካከለኛው አውሮፓ ዩኒቨርሲቲና በአዲሱ የቡልጋሪያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ከ1878 እስከ 1939 ስለነበረው የቡልጋሪያ ኅብረተሰብ ሁለት ቅጽ ጽፈዋል፤ የተጻፈው በቡልጋሪያኛ ስለሆነ ቋንቋውን ለማያውቅ አይረዳም። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው መስመራቸው ነው፦ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አንድ ዘመን እንዴት እንደተከራከሩ ማጥናት።

መጀመሪያ መነበብ ያለበት በ2004 በእንግሊዝኛ የወጣው፣ ስለ ቡልጋሪያ የብሔራዊ መነቃቃት ዘመን የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ዘመኑ መቼ ጀመረ? መነኩሴው አባ ፓይሲ የቡልጋሪያን ታሪክ በጻፉበት በ1762 ወይስ ከዚያ በፊት? ያነሣሣው የንግዱና የእደ ጥበቡ እድገት ነው ወይስ ትምህርትና ቤተ ክርስቲያን? በኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ላይ የተነሣው የ1876ቱ የሚያዝያ አመፅ የቡርዧ (የከበርቴው መደብ) አብዮት ነበር? ዳስካሎቭ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተሰጡትን መልሶች ከመላሹና ከመላሹ ዘመን ጋር ያቀርባሉ። ኮሚኒስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1944 በኋላ የመደብ ትግል ለምን ቀዳሚ ማብራሪያ እንደሆነ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ ይህ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ያለ ሥራ ቢኖረን ምንኛ በጠቀመን!

ሲነበብ ግን ይከብዳል። አንባቢው የቡልጋሪያን ታሪክ ያውቃል ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ አስቀድሞ 1762፣ 1870 (ራሱን የቻለው ቤተ ክርስቲያን የተፈቀደበት)፣ 1876፣ 1878፣ 1908፣ 1944 እና 1989ን ከነክስተታቸው በአንድ ገጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክርክር አንድ ካርድ፦ ማን አለ፣ መቼ፣ በየትኛው መንግሥት ሥር፣ በምን ማስረጃ። ካርድ የማይጽፍ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የሌላ ሰው ሐሳብ የዳስካሎቭ አድርጎ በመጥቀስ ነው፤ ደራሲው የሌሎችን ሐሳብ በሰፊው ስለሚተርኩ ድምፁ ይደባለቅበታል።

ቀኖችም ያሳስታሉ። ቡልጋሪያ እስከ 1916 በአሮጌው (በዩልዮስ) አቆጣጠር ትጠቀም ነበር። አብዮተኛው ቫሲል ሌቭስኪ የተሰቀለው በአሮጌው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1873፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 18 ነው፤ መታሰቢያው ግን 19 ላይ ይውላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 12 ቀን ሆኖ ሳለ የ20ኛው ክፍለ ዘመን 13 ቀን ስለተደመረበት ነው። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ አውሮፓ ስንመልስም ይኸው ስሕተት ይገጥመናል።

ካርዶቹ ሲያልቁ ያንኑ አሠራር ወደ ቦሩ ሜዳ ማምጣት ነው። ጉባኤውን የቤተ ክርስቲያን አንድነት አድርጎ የጻፈ አለ፤ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ የተገደደበት አዋጅ መነሻ አድርጎ የጻፈም አለ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ የሃይማኖት መምህሩ ሼህ ጦልሃ ደግሞ አዋጁን በመቃወም ተቃውሞ መርተዋል። የሁለቱን ታሪክ ማን፣ መቼ፣ ለማን ጻፈው? ለዚህ የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ2001 መጽሐፍ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የተጻፈው፣ ከጎን መቀመጥ አለበት። የዳስካሎቭ ትኩረት የቡልጋሪያ ምሁራን ክርክር ስለሆነ፣ የእስልምናን ታሪክ ከእሳቸው የሚጠብቅ ቅር ይለዋል።

ከቡልጋሪያ መሪዎች ከስታምቦሎቭ እስከ ዚቭኮቭ ያለውን ዘመን የሚመረምረው የ2011 መጽሐፋቸው የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ለሚያጠና ነው። ከ2013 እስከ 2017 ከሌሎች ጋር ያዘጋጁት አራት ቅጽ የባልካን ታሪክ ደግሞ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ለይቶ ቢነበብ ይበቃል። በፎቶ ኮፒ የሚያነብ ሰው ማስታወሻዎቹንና የመጻሕፍት ዝርዝሩን አብሮ ያስነሣ፤ ያለ እነሱ የካርዱ ግማሽ ባዶ ይቀራል።