ቮልስ ላላችሁ ሁሉ፦ ወለል ከማስቆረጣችሁ በፊት እኚህን ባትላሜራ ሠሪ አማክሩ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ይህን የምጽፈው እሳቸውን በአደባባይ ለማመስገንና አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተት ሰው ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

መኪናው የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል 1300 ቮልስ ነው። ሁለቱ ወለሎች፣ ከበሮቹ ሥር የሚሄዱት ሁለቱ የጎን ቦዮችና የፊት ፓራፋንጎዎቹ በሙሉ ከውጭ በመጣ ኮፒ ላሜራ ተተክተዋል። ዛሬ በሮቹ ሳይነሱ፣ ሳይገፉ ይዘጋሉ፤ ዝናብ ሲዘንብም ምንጣፉ ደረቅ ነው።

እሳቸው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በዚህ መኪና ላይ የተሠራው ግን ግፍ ነው። ስም አልጠራም። አንደኛው ጋራዥ የበሰበሰውን ወለል ሳያነሳ አዲሱን በላዩ ደርቦ በየደው። በሁለት ላሜራ መሃል የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ አዲሱም ከውስጥ ይበላል። ላዩ ሬንጅ ስለተቀባ ግን ለዓይን ደህና ይመስላል። ሁለተኛው ጋራዥ የባሰ ነው፤ አካሉን በምንም ሳይደግፍ ሁለቱንም የጎን ቦዮች በአንድ ጊዜ ቆርጦ ጣለ። የቮልስ ቦይ ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ማስተላለፊያ ብቻ አይደለም። የበሩን የፊትና የኋላ ምሰሶ ከታች አስሮ የያዘው እሱ ነው። እሱ ሲወጣ አካሉ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ የበሩ ክፍተት ከታች ይሰፋል፣ ከላይ ይጠባል። በዚያ ጥመት ላይ አዲስ ቦይ በየዱበት። በሩ አልገባም ሲላቸው ማጠፊያውን በመዶሻ አስተካከሉ፣ የቀረውን በስቱኮ ሞሉ። ሲጠየቁ «ቮልስ ሁሉ እንዲህ ነው» አሉ። አይደለም! ቮልስ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ገንዘብ ተከፍሎበት የተበላሸ ሥራ እንደገና ማስፈታት ከመጀመሪያው ዝገት የበለጠ ያንገበግባል።

ጋሼ ግራይንደር አላነሱም። በመጀመሪያ የኋላውን ወንበር አስነስተው በወለሉ መሃል ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው ጉብታ (ቱኔሉ) ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አነበቡ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ የተሠሩት ቁጥራቸው በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፤ 118 ብሎ ከጀመረ የ1968 ነው። ይህን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ነው የተገዙትን ፓራፋንጎዎች ያዩት፤ አይተውም ወደ ሻጩ መለሷቸው። ለ1300ና ለ1500 ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፓራውልቱና ኮፈኑም ተቀይረዋል። የተገዙት ግን መብራታቸው ወደ ኋላ የተጋደመ፣ የቀድሞው ዓይነት ነበሩ። ርካሹ 1200 አሮጌውን ፊት ከዚያ በኋላም ለዓመታት ይዞ ስለቀጠለ ዓመቱን ብቻ ተናግሮ መግዛት አይበቃም። 1302ና 1303 የሚባሉት ደግሞ የፊት እግራቸው የተለየ በመሆኑ የፊት ላሜራቸው ለተራው ቮልስ አይሆንም። እዚህ ከተማ ደግሞ በየአደጋው ፓራፋንጎ ሲለዋወጥ የኖረ መኪና ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሻንሲውን ዕድሜ እንጂ የፊቱን አይነግራችሁም። ቁጥሩንም ፊቱንም አሳዩ።

ቀጥለው የወለሉን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ከ0.8 ሚሊሜትር የሳሳ ወለል አይበይዱም፤ ሲረገጥ ይርገበገባል፣ ብየዳም ቶሎ ይበሳዋል። ኮፒው የመጣበት ጥቁር ቀለም ዕቃው ተጓጉዞ እስኪደርስ ብቻ የተቀባ ነው ብለው ስለሚያምኑ በሚበየድበት ጠርዝ ላይ ጠርገው ዚንክ ያለው ፕራይመር ይቀባሉ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ቮልስ ያለው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ይያዝ። አካሉ ከሻንሲው ከመነሳቱ በፊት 25 በ25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ተበየደ። በሩ እየገባና እየወጣ እንዲሞከር ቱቦላሬው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። የፊተኛው ጋራዥ ያጣመመውን አካል በክሪክ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው የመለሱትም ቦዩን ከፈቱ በኋላ፣ ቱቦላሬው ከመበየዱ በፊት፣ የበሩን ክፍተት ሁለቱንም ሰያፎች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እየለኩ ነው።

ሻንሲው ለብቻው በአራት እግር ላይ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ቆመ። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት በሁለቱም በኩል 2400 ሚሊሜትር መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚህ በኋላ ነው ወለል የተቆረጠው፤ መጀመሪያ አንዱ ጎን፣ እሱ ተበይዶ ሲያልቅ ሌላው። የድሮዎቹ ነጥብ ብየዳዎች አንድ በአንድ በትራፓኖ ስለወጡ የቱኔሉ ከንፈር ሳይቀደድ ቀረ። በአዲሱ ወለል ጠርዝ ላይ በየ3 ሴንቲሜትሩ የ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተበስቶ በ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ በሲኦቱ (በCO2 ጋዝ) ብየዳ ተሞላ። አንዱን ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ፣ ሌላውን ከመሃል። ተከታትሎ የተበየደ ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ወለሉም እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል።

አንድ ነገር በጥብቅ ያዙልኝ። የቤንዚን ቧንቧው በቱኔሉ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ጋሼ ታንኩን አውርደው፣ ቧንቧውን አጥበውና በአየር ነፍተው ሳይጨርሱ አንድ ነጥብ አልበየዱም። የፊተኞቹ ታንኩ ቤንዚን እንደያዘ ነበር የሚበይዱት! ሰው አለመቃጠሉ የፈጣሪ ሥራ ነው።

የኮፒ ቦይ ትልቁ ችግር ቀዳዳው ነው። ከታች አካሉን ከወለሉ ጋር የሚያስሩት ባለ 13 ቁልፍ ብሎኖች ከዳዶዎቹ ጋር ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ይሳሳታሉ፤ ጥርሱም በቀለም ተደፍኖ ይመጣል። ጋሼ ቦዩን መጀመሪያ ከአካሉ ጋር አይበይዱትም። በአዲሱ ወለል ላይ በብሎን ያስሩትና አካሉን በላዩ ያወርዱበታል፤ ወለሉ ራሱ ልክ ማውጫ ይሆናቸዋል። በአካሉና በወለሉ መሃል የሚገባው የጎማ ጓርኒሲዮን በብየዳ ስለሚቃጠል በቦታው ያንኑ ውፍረት ያለው ቁራጭ ብረት ያስገባሉ። ይህ ካልተደረገ ጓርኒሲዮኑ ሲገባ አካሉ ከፍ ይልና በሩ እንደገና ይስታል። በሮቹ ተሰቅለው ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን ብቻ ምሰሶዎቹን በየዱ። የፓራፋንጎው ቀዳዳ ሲስትም የሚያሰፉት የፓራፋንጎውን ነው፤ የአካሉን ቀዳዳ አይነኩም።

ምስጋናዬን ወደ አደባባይ ያወጣው ግን የሚከተለው ነው። ቦዩ ከመዘጋቱ በፊት ደውለው «ና፣ ሳይዘጋ እየው፤ ከዘጋሁት በኋላ ማንም አያየውም» አሉ። የእጅ ባትሪ አምጥተው አብርተው ውስጡን አሳዩ፦ ዝገት የለ፣ የብየዳ ፍርፋሪ የለ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ተጠርጎ ተቀብቷል። ስቱኮ ያልነካው ራቁት ላሜራ ነው። ከዚያ ዘጉት፤ መኪናው ከተቀባ በኋላም በቀዳዳዎቹ በኩል ዝገት መከላከያ ሰም ረጩበት። ለዚህ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም። የሚደበቅ ሥራን ጠርቶ የሚያሳይ ባለሙያ ስንት አለ? እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው እንያዝ።

ውሃው ከየት እንደገባም ሳያገኙ አልለቀቁም። በበሮቹ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መጋረጃ ተቀድዶ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር፤ የኋላ መስታወት ጎማውም ደርቋል። ሁለቱም ተቀየሩ። ቀኙ ወለል ከግራው ቀድሞ የሚበላው ደግሞ የመኪናው ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥና አሲዱ ስለሚንጠባጠብ ነው። ከባትሪው ሥር የፕላስቲክ ትሪ አስቀመጡ፤ እናንተም ዛሬውኑ አስቀምጡ።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ ሊብሬውን ያዙ፣ የኋላ ወንበሩ ሥር ያለውን ዕቃ አውጡና ቁጥሩ እንዲነበብ አጽዱ። ላሜራ ቀድማችሁ አትግዙ፤ ሶማሌ ተራም ሆነ ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት እሳቸው ይዩት። በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና ስለማይቀበሉ ወረፋ አለ። ጠብቁ። ወለላችሁ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ አሁኑኑ ተመዝገቡ።