ስታዲየም አካባቢ ለምትሠራው የራጅ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሳት

የ6 ዓመቱ ልጄ በግራ አንገቱ በኩል እየተመላለሰ ያብጥበት ነበር። ትኩሳት፣ ምራቅ እንኳን መዋጥ አለመቻል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለቅሶ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበጥቶ መግሉ ወጣ። አንዱ ጋ «የእጢ ቲቢ ነው» ተብለን መድኃኒቱን ልንጀምር ምንም አልቀረንም። ሲሽርለት እሰይ እንላለን፤ ወራት ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ።

በመጨረሻ ተክለ ሃይማኖት ያገኘነው ከአንገት በላይ ሐኪም ጠባሳውን ዳሰስ አድርጎ «ሁሌም በግራ ነው?» አለኝ። አዎ ስለው ወረቀት አውጥቶ ሣለልኝ። ልጁ ገና በማኅፀን እያለ መጥፋት የነበረባት ቀጭን ቱቦ ሳትጠፋ ቀርታ ከጉሮሮው ግርጌ ወደ ታይሮይድ እጢው ትወርዳለች፤ ምራቅ በእሷ እየገባ ይመግላል። ፓይሪፎርም ሳይነስ ፊስቱላ ይሉታል፤ ከስንት አንድ ልጅ ላይ የሚገኝ ነው፣ በብዛት በግራ። እብጠቱ ትኩስ እያለ ቀዳዳዋ ስለምትደፈን፣ ደርቆ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ባሪየም የሚባለውን፣ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ እየጠጣ ራጅ ይነሣ አለን።

እዚህች እህት ጋ የደረስነው ያኔ ነው። ልጄ የመጀመሪያውን ጉንጭ ጋዋኗ ላይ ተፋው። «ወተት አይደለም፣ ኖራ ነው!» እያለ ይጮኻል። እኔ በሀፍረት ልገርፈው ስል እሷ «ልክ ነህ ማሙሽ፣ አይጣፍጥም» አለችው። ከቦርሳዋ ስትሮ አወጣች፣ ለራሷ ውኃ ቀዳች፣ «ዋጥ ስል አብረኸኝ ዋጥ» አለችው። ውጭ ወረፋው ያጉረመርማል፣ እሷ ዞራም አላየች። በሦስተኛው ሙከራ ክር የምታህል ነጭ መስመር በግራ በኩል ወደ ታች ወርዳ ታየች። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግናት ነገር!

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንገትን ከፍቶ ቱቦዋን ማውጣት፤ የድምፅ ነርቭ አጠገቧ ስላለና ደጋግሞ የተበጣ አንገት ስለሚጠባበስ ከባድ ነው። ሌላው በሙሉ ማደንዘዣ፣ በአፍ በኩል በካሜራ እያዩ የቀዳዳዋን አፍ በኤሌክትሪክ ወይም በአሲድ አቃጥሎ መዝጋት። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ሊደገም እንደሚችል አስቀድመው ነግረውናል፤ እስካሁን ግን አምስት ወር፣ እብጠት የለም።

ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም፤ የእሷንም የሐኪሙንም አድራሻ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ስትሮ ያዙ፣ ለልጄ የሰጠችው የራሷን ነበር።